ቦይንግ 720ቢ፦ ለከፍታችን የተመረጠው ጄት

ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ 787ን ማስገባቱ ያኮራል። እኔ ግን ከዚያ ሃምሳ ዓመት ቀደም ብሎ የተደረገው ምርጫ ይበልጥብኛል። ያኔ የተመረጠው ቦይንግ 720ቢ ነበር። ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ ብዙ ሰው የለም። የሚያስታውሱትም «ትንሹ 707» ብለው ያልፉታል። አነሰ ተብሎ መናቁ አግባብ አይመስለኝም። የተፈለገውም ለዚሁ ነበርና።

ትልቁ የቦይንግ ጄት 707 እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካው አየር መንገድ በፓን አም ስም ከኒውዮርክ ፓሪስ መብረር ሲጀምር ብዙ አየር መንገዶች ጄት አማራቸው። ችግሩ ክብደቱ ነበር። ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ቦይንግ አካሉን ሁለት ሜትር ተኩል ያህል አሳጠረና ክብደቱን ቀነሰ። የክንፉንም ፊት አስተካከለ። በዚህ መልክ የተሠራው 720 እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ። ቀጥሎ የመጣው 720ቢ ደግሞ ተርቦፋን፣ ማለትም ከፊቱ ትልቅ ማራገቢያ ያለው የጄት ሞተር ተገጠመለት። የእያንዳንዱ ሞተር ግፊት ከ12,000 ፓውንድ ወደ 17,000 ገደማ አደገ፤ ነዳጅም ቆጠበ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት አውሮፕላኑ ይበልጥ መፍጠን አለበት። ስለዚህ ረጅም ርቀት ይንደረደራል። መንደርደሪያው ካልበቃ ነዳጅ ወይም ጭነት መቀነስ ግድ ነው። ፀሐይ ከረር ሲል ደግሞ ይብሳል። ቀለል ብሎ ጉልበተኛ ሞተር ያለው አውሮፕላን ለእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ያም ሆኖ የድሮው የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የልደታው፣ ለጄት አልበቃም። ቦሌ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ጄቶቹ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1962 ቦሌ አረፉ። ጥር 7 ቀን 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1963) የመጀመሪያው የጄት በረራ ወደ ናይሮቢ ሄደ፤ በማግስቱ ማድሪድ ተጨመረ። በ1938 ዓ.ም. ሲ-47 በተባለ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ካይሮ መብረር የጀመረ ድርጅት ነው እንግዲህ፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው እዚህ የደረሰው።

«720 እኮ ገበያ ያጣ አውሮፕላን ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በጠቅላላው የተሠራው 154 ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሌላው የቦይንግ ጄት 727 መጥቶ ገበያውን ወሰደበት። ግን የቦይንግ ሽያጭ የእኛ መለኪያ ሊሆን አይገባም። የእኛ ጥያቄ ከዚህ ደጋ ተነስቶ አውሮፓ የሚያደርሰን የቱ ነው የሚል ነበር። ኋላ ላይ አየር መንገዱ ትልቁን 707ም ገዝቷል። መጀመሪያ ግን የሚሆነውን ያዘ። ትልቅ ስም ፍለጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ ነበር።

ከፍታው ዛሬም አልለቀቀንም። ዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ያውቁታል። ለዓመታት ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ ይመጣሉ፤ ሲመለሱ ግን መንገድ ላይ አርፈው ነዳጅ ይሞላል። የፊት ለፊት ነፋስ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው የቦሌ ከፍታ ነው። ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲስ አየር ማረፊያም ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ስለ አቡሴራ የምንሰማው ግን በብዛት ስንት ሚሊዮን መንገደኛ እንደሚያስተናግድና ከአፍሪካ ስንተኛ እንደሚሆን ነው። ለእኔ ዋናው ቁጥር ሌላ ነው። አንድ 787 ወይም ኤርባስ ኤ350 ከቦሌ ሲነሳ ስንት ቶን ጭነት ይተዋል? ከአቡሴራ ቢነሳ ምን ያህሉን መልሶ ይጭናል? የትኛው መስመር ያለማረፍ ይበረራል? ለዚህ ፕሮጀክት አርሶ አደሮች ከመሬታቸው ይነሳሉ። ለእነሱም ለእኛም ይህ ስሌት በግልጽ ሊነገር ይገባል።