እናቴን ማንም አልጠየቃትም

አባቴ የደም ግፊት ክትትል ከጀመረ 6 ዓመት ሆነው። በቀጠሮው ቀን በጠዋት ወጥቶ ተራ ይይዛል፣ ሲስተሯ ግፊቱን ትለካለች። መጀመሪያ አምሎዲፒን ታዘዘለት። ቀጥሎ ኢናላፕሪል ተጨመረ። ከዚያ የሚያሸናው ሦስተኛው መጣ። ግፊቱ ግን አልወርድ አለ። "አባባ፣ ጨው አልተዉም ማለት ነው" ይሉታል። አባቴ ከጨው ከተለያየ ቆይቷል፤ ወጡ እንኳ ለብቻው ነው የሚሠራለት።

መልሱ እናቴ ጋ ነበር። የአባቴ ማንኮራፋት ግድግዳ ተሻግሮ ይሰማል። በመሀል ድንገት ጸጥ ይላል። እናቴ በጨለማ ትቆጥራለች። 10፣ 15፣ 20። ከዚያ ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው አየሩን በኃይል ይስባል። "ዱካክ ነው" ትል ነበር። ቀን ደግሞ ቡና እየጠጣ ያንቀላፋል። አንድ እሁድ ሲኒው ከእጁ ወድቆ ጋቢው ላይ ቡና ሲፈስ እንኳ አልነቃም። እኛም እርጅና ነው ብለን አለፍነው።

ይህ በሽታ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ምላስና ላንቃ ወደ ኋላ ሄደው አየር ይዘጋሉ። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆማል። በሽታው ሲከፋ ይህ በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። በእያንዳንዱ ጊዜ ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይባንናል፣ ግፊት ይወጣል። ሌሊቱን እንዲህ ያደረ ሰው ቀንም ግፊቱ አይወርድለትም። ሦስት መድኃኒት ያልበገረው ግፊት ሲያጋጥም በመጀመሪያ ከሚጠረጠሩት አንዱ ይህ ነው።

መጠየቂያው ደግሞ አለ። የቶሮንቶዋ የሰመመን ሐኪም ፍራንሲስ ቹንግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ስቶፕ-ባንግ የተባለውን ባለ 8 ጥያቄ መለኪያ አወጡ። ጮክ ብለው ያንኮራፋሉ? ቀን ይደክምዎታል? ትንፋሽዎ ሲቆም ያየ ሰው አለ? ግፊት አለብዎት? የቀሩት ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ከ50 በላይ ዕድሜ፣ ከ40 ሴንቲሜትር የሚበልጥ የአንገት ዙሪያና ወንድነት ናቸው። 3 "አዎ" ካለ ያጠራጥራል፣ 5 ከሞላ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። የአባቴን አንገት በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት፤ 43። ከ8ቱ 7 አገኘ።

እርግጥ ነጥቡ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም። ግፊት ያለበት ከ50 ያለፈ ወንድ ጭራሽ ሳያንኮራፋም 3 አለው። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ሦስተኛው ነው። እሱን ደግሞ ታማሚው ሊመልሰው አይችልም፤ ተኝቷል። የምትመልሰው ሚስት "አስታማሚ ውጭ!" ተብላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሴቶች ላይ ነገሩ ይብሳል። ማንኮራፋት ነውር ይመስላቸውና ድካሙን ብቻ ተናግረው ይወጣሉ።

በሽታን አስቀድሞ ስለመከላከል ምክር የሚሰጠው የአሜሪካ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ምልክት የሌለውን አዋቂ ሁሉ ለመመርመር በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ልክ ነው፣ እቀበላለሁ። እኔ የማወራው ግን ግፊቱ አልወርድ ስላለው፣ ቁጭ ባለበት ስለሚያንቀላፋው ሰው ነው።

"ማሽኑ ውድ ነው፣ ጠይቀን ምን ልናደርግ?" የሚል አይጠፋም። ማሽኑ፣ ሌሊት በጭንብል አየር እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርገው ሲፓፕ ማለት ነው፣ በእርግጥ ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። ግን ሰውየው ሹፌር ቢሆንስ? የሌሊት ጉዞ ላይ መሪ ይዞ ቢያንቀላፋስ? ነገ ኦፕራሲዮን ቢኖረው፣ ሰመመን ሰጪው ይህን ሳያውቅ ሊያስተኛው ነው? እንቅልፍ አጣሁ ሲል የእንቅልፍ ኪኒን ቢታዘዝለት ትንፋሹን ይበልጥ ሊያፍነው ይችላል። ማታ መጠጥ መተው፣ በጎን መተኛት፣ ክብደት መቀነስ ማሽን አይጠይቁም።

የክትትል ካርዱ ላይ ግፊትና ክብደት የሚሞላበት ቦታ አለ። ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመርልን፦ "አብሮት የሚያድር ሰው ምን አለ?"