እርማት፦ ሜጀር ቴይለር ወታደር አልነበረም

ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካዊው የብስክሌት ተወዳዳሪ ስለ ሜጀር ቴይለር «ሻለቃ ቴይለር የአሜሪካ ጦር መኮንን ነበር» ያልከው ስህተት ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ እኛ ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻለቃ ኃይሌ ስንል ነው ያደግነው። የነሱ የእውነት ማዕረግ ነው። የቴይለር «ሜጀር» (ሻለቃ) ግን ቅጽል ስም ነው። ሙሉ ስሙ ማርሻል ዋልተር ቴይለር ይባላል። «ማርሻል»ም የልደት ስሙ እንጂ ማዕረግ አይደለም። ልጅ እያለ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ አንድ የብስክሌት ሱቅ ቀጠረው። የወታደር ልብስ ለብሶ ሱቁ ደጃፍ ላይ በብስክሌት ትርኢት ያሳይ ነበር። «ሜጀር» የሚለው ስም በዚያው ተለጠፈበት።

እ.ኤ.አ. በ1899 ሞንትሪያል ላይ በአንድ ማይል የብስክሌት ስፕሪንት (የአጭር ርቀት የፍጥነት ውድድር) የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ገና 20 ዓመቱ ነበር። ያውም ጥቁር ነህ ተብሎ በአገሩ ስንት በር እየተዘጋበት! ያን ድል ያመጣው የገዛ እግሩ ነው። እባክህ አስተካክለው።