የተሻረን ሰው ሰላም በሉ

የደሴ ሰው፣ የኮምቦልቻ ሰው፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ባለሥልጣን አይደለም። ስለ እኛ ነው። ባለሥልጣንንማ ቡና ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ባጃጅ ውስጥም ስንወቅስ እንውላለን። ወንበሩ ላይ ሙጭጭ አለ እንላለን። ሙጭጭ እንዲል ያስተማርነው ግን እኛ ነን።

አንድ ሰው ሲሾም የምናደርገውን ልብ በሉ። ስልክ ቁጥሩን ያልያዘ የለም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዘመድ ይፈላበታል። ልጁን ሲድር ድንኳኑ አይበቃም። ካፌ ከተቀመጠ ሒሳቡን ለመክፈል እንሻማለን። ሲነሳስ?

በቅርቡ አንዱን ፒያሳ አየሁት። ካፌ በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አንድ ወጣት መጣና ከፊቱ ያለውን ወንበር ይዞ፣ "ሰው አለው?" አለው። "የለውም" አለ። ወጣቱ ወንበሩን ወደ ጓደኞቹ ወሰደው። ደጁ ሲጠኑ የነበሩ ሰዎች በአጠገቡ ያልፋሉ፤ አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው መንገድ ይሻገራል። አብሽር የሚለው አንድ ሰው ጠፋ። እኛኮ የፍቅር አገር ነን የምንል ሰዎች ነን! ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ለቅሶ የሚደርስበት አገር ሰው፣ ከሥልጣን የወረደ ወንድሙን ሲያይ ፊቱን ያዞራል?

ሰውየው ጥፋት የለበትም አልልም። ካለበት በሕግ ይጠየቅ። ፊት መንሳት ግን ፍርድ አይደለም። ያጠፋውንም ያላጠፋውንም እኩል ነው የምንነሳው። ደግሞ ይህን የሚያይ ሌላ ሰው አለ። ዛሬ ወንበሩ ላይ ያለው ያያል። ከወረድኩ አለቀልኝ ይላል። ከዚያ በኋላ ላለመውረድ የማያደርገው የለም። ያልተሠራውን ተሠራ ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። ያላመነበትን እጁን አውጥቶ ያጸድቃል።

ሥልጣን መልቀቅ እንደ ሞት በማይታይበት አገር የአንድ ፖለቲከኛ መንገድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሩት ዴቪድሰን በስኮትላንድ የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ነበረች። ፓርቲው እዚያ ብዙም የሚወደድ አልነበረም። የቢቢሲ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2011 ለስኮትላንድ ፓርላማ ተመረጠች፤ በዚያው ዓመት መሪ ሆነች። 15 መቀመጫ የነበረው ፓርቲ በ2016 ከ129ኙ 31 አገኘ፤ ሌበር የተባለውን ተፎካካሪ ፓርቲ አልፎ ሁለተኛ ሆነ። በ2019 ግን መሪነቱን በፈቃዷ ለቀቀች። ሕፃን ልጅ ነበራት፤ የብሬግዚትም፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣቷ ነገር አልዋጥላት ብሎ ነበር። ወደ ተራ አባልነት ተመለሰች። በዓመቱ የተተካው አዲስ መሪ የዚያ ፓርላማ አባል ስላልነበር፣ ቡድኑን ምክር ቤት ውስጥ የመራችለት እሷው ናት። ከመሪነት ወርዶ አዲሱን መሪ ማገዝ! እኛ ዘንድ ይህን ያደረገ ሰው ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ። "ምን አጥፍቶ ነው?" እንላለን።

በእኛም አገር አልታየም አይባልም። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 2010 ላይ የመፍትሔው አካል ልሁን ብለው ሥልጣን ለቀዋል። በየወረዳው፣ በየከተማው ምክር ቤት እንዲህ ያለ ሰው ለምን ብርቅ ሆነ? እኔ መልሱን ከላይ ተናግሬዋለሁ።

ሌላው ጥፋታችን ደግሞ ይብሳል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያልን ልጆች እናሳድጋለን፤ ከዚያ ሌባ በዛ ብለን እናማርራለን። የመረጥነውን ሰው ስናገኘው የምንጠይቀው ምንድን ነው? ልጄን ሥራ አስገባልኝ። ቦታዬን ጨርስልኝ። ምን ብለህ ድምፅ ሰጠህ ያለው ማን አለ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት ይችላል ይላል። ይህ ጌታ ለሆነ ሕዝብ የተጻፈ ነው። እኛ ግን ደጅ ጠኚ ሆነን እንኖራለን። ደጅ ጠኚ ደግሞ ጌታውን አይጠይቅም፤ ጌታው ሲወድቅም ሌላ ደጅ ይፈልጋል።

ስለዚህ ጀማው፣ ተወካያችሁ ለስብሰባ ሲመጣ የግል ጉዳያችሁን ቤት ትታችሁ ሂዱ። ስለ ውሃው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሥራ አጡ ወጣት ምን ተናግሮ ምን እንዳጸደቀ በሰው ፊት ጠይቁት። ሲሸፋፍን ዝም አትበሉ፤ ሲያጨበጭቡ አታጨብጭቡ። የወረደውን ደግሞ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁት። የመሬቱም የበጀቱም ነገር እንዴት እንደሚሄድ ከውስጥ አይቶታል፤ ያንን እውቀት ለብቻው ይዞ ለምን ይቀመጣል? ንጹሕ ከሆነ ዕድራችሁ ጸሐፊ ያድርገው፤ በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡት።