እንግዳው ሞተሩ ነው

በሞተር አገር ለመዞር የተነሳ ሰው ስለ ጎማ፣ ስለ ካቴናና ስለ ፍሬን አስቦ ይወጣል። ስለ ጠላ ቤት አስቦ የሚወጣ የለም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ደብረ ብርሃን የሚገባ ሞተረኛ ግን ጣቶቹ ፍሪሲዮን መጨበጥ ትተዋል፤ አፍንጫው ከፊቱ ላይ መኖሩን የሚያረጋግጠው በሞተሩ መስታወት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። 8 ዲግሪ የሆነ የጠዋት አየር በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚጋልብ ሰው 2 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማዋል። እንግዲህ ልክ በዚህ ሰዓት ነው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ ዓይኑ ውስጥ የምትገባው።

ከመግባት በፊት ማቆም አለ። ማቆም ቀላል ይመስላል። የጠላ ቤት ደጅ ግን አተላ የጠጣ አፈር ነው፤ የጎን ማቆሚያው ቀስ እያለ ይሰምጥና ሞተሩ ከጠጪዎቹ ቀድሞ ይወድቃል። ከማቆሚያው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረጋል። ደጁ ቁልቁል ከሆነ አንደኛ ማርሽ ውስጥ ይተዋል። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ወደ ግድግዳው ይዙር፤ ሕፃናት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይከቡታልና፣ የጋለ ማርሚታ ባዶ እግር ላይ የሚተወው ጠባሳ ዕድሜ ልክ ነው። ቁልፉ ይነቀላል፤ ካልተነቀለ ክላክሱ ባትሪው እስኪያልቅ ይዘፍናል። የቤንዚኑ ቧንቧም ይዘጋ፤ ያለበለዚያ አንዱ የነገ መካኒክ ሲነካካው ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡራቶር ይሞላና ሞተሩ መነሻ ላይ እንቢ ይላል። ሄልሜቱን ግን ውጭ መተው አይቻልም። መስታወት ላይ ከተንጠለጠለ መንደሩ በየተራ ይለካዋል፤ አጥልቆ መግባት ደግሞ ለዘረፋ የመጣ ያስመስላል። ደጅ ላይ ወልቆ፣ በብብት ተይዞ ነው የሚገባው።

ሲገቡ አግዳሚው ሁሉ ብድግ ይላል። «ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ በማርያም አትነሱ!»

ይህን መልስ የማያውቅ ሞተረኛ ቆሞ ፈገግ ሲል ይቀራል፤ እነሱም እሱ እስኪመልስ እንደቆሙ ይቆያሉ። ሥነ ሥርዓቱ እንደተፈጸመ ግን አክብሮቱ ለማን እንደነበር ይታወቃል። እንግዳው ሞተሩ ነው። ሰውየው ሞተሩን ያመጣ ተላላኪ ነው።

«ስንት ገባህ?» ይጀመራል። የተናገሩት ዋጋ ምንም ቢሆን ተሸውደዋል። «በሊትር ስንት ይሄዳል?» አርባ ኪሎ ሜትር ካሉ የእከሌ ሞተር ስልሳ ትሄዳለች። እከሌ በቦታው የለም፤ ሞተሯም ከተሸጠች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቀጥሎ ከጥግ የተቀመጡት አዛውንት ይጠይቃሉ፦ «አዲስ አበባ ሞተር ተከልክሎ የለም እንዴ ልጄ?» እዚህ ላይ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተከለከለው ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ መሆኑን ማስረዳት ይቻላል። አይመከርም። ማስረዳት የጀመረ ሞተረኛ ከተማውን ወክሎ መልስ ሊሰጥ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ከሞተር ወደ ኮንዶሚኒየም፣ ከኮንዶሚኒየም ወደ ሽንኩርት ዋጋ ይወሰዳል።

እትዬ ጣሳውን ይዘው ይመጣሉ። ከመስጠታቸው በፊት ጠብ አድርገው በመዳፋቸው ይቀምሱለታል፤ መርዝ የለበትም ማለት ነው። ስለ ጥንካሬው ግን መዳፍ አይናገርም። ጠላ አልኮሉ ከመቶ ሁለትም ይሆናል፣ ስድስትም ይሆናል፤ የሚወስነው ብቅሉ፣ የተጨመረው ውሃና ጋን ውስጥ የከረመበት ቀን ነው። የዛሬ ሳምንት እዚሁ ቤት ጠጥቶ ምንም ያልሆነ ሰው የዛሬውን በዚያ ሊለካው አይችልም። ቅራሪም ቀለል ይላል እንጂ ውሃ አይደለም።

አረቄው ጋ ሲደረስ ነገሩ ሌላ ነው። ተራው ከመቶ ሠላሳዎቹ ውስጥ፣ ዳግሙ አርባዎቹ ውስጥ ይገባል። ደብረ ብርሃን ደግሞ በአረቄ ስሟ የተነሳ ከተማ ናት፤ ለበረደው ሞተረኛ የሚታዘዘው መድኃኒትም ያው ነው። «ሁለት መለኪያ ገልበጥ አድርግ፣ ያሞቅሃል።» ማሞቁስ ያሞቃል። አልኮል ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀቱ ከሆድ ወደ ቆዳ ይወጣል፤ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል። ሞተሩ ላይ ሲወጣ ነፋሱ ያንን የወጣ ሙቀት ይዞት ይሄዳል፤ ከቅድሙ ብሶ ይበርደዋል። ጃኬት ሥር ደረት ላይ የሚደረግ ሁለት እጥፍ ጋዜጣ ከሁለት መለኪያ ይበልጣል። ይህን ጠላ ቤት ውስጥ መናገር ግን የባለቤቷን ገበያ መዝጋት ነው።

ስለዚህ ዋናው ሙያ አለመጠጣት ነው፤ ከዚህ ሁሉ ከባዱም እሱ ነው። «ሹፌር ነኝ» አይሠራም። «ሹፌር አይጠጣም ያለው ማነው?» ይባላል፤ የሚለውም ብዙ ጊዜ ሹፌር ነው። «ጥርሴን አሞኛል» ከተባለ አረቄ የጥርስ መድኃኒት ነው። «ጾም ላይ ነኝ» የሚል ጠላ የጾም መሆኑን ረስቷል፤ ቢበዛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስጥለዋል፣ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ሰዓት አይተው ያስታውሱታል። «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሽታው ይጠየቃል፣ ጠበል ይጠቆማል፣ የሚያደርስ ሰውም ከሞተሩ ኋላ ለመቀመጥ ይነሳል። የማይረታው አንድ ብቻ ነው፦ «ስለት አለብኝ።» ስለትን የሚከራከር የለም። የትኛው ደብር እንደሆነ ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ ሲጠየቁ ማመንታት ጉዳዩን ያበላሻል።

ለራሱ ሻይ አዝዞ ለአግዳሚው አንድ ዙር ማስቀዳትም ያዋጣል። የጋበዘ ሰው ምን ጠጣ ተብሎ አይመረመርም። አደጋው ከተጋባዦቹ አንዱ ብድር ለመመለስ መነሳቱ ነው፤ ዙሩ ከተጀመረ የሚቆመው ጋኑ ሲያልቅ ነው። የጠጣ ሰው ያለው ምርጫ አልጋ መያዝ ብቻ ነው። ቡና አያድነውም፤ የነቃ ሰካራም ያደርገዋል እንጂ። ወደፊት ያለው መንገድ ጣርማ በር ነውና። ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ጉም አለ፣ ጣሊያኖች የቆፈሩት ዋሻ ታልፎ ደግሞ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ ይጀምራል። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ በሞተሩ ኃይል ካልተያዘና በፍሬን ብቻ ከተወረደ ሸራው ይግልና ፍሬኑ መያዝ ይተዋል።

ሞተረኛው «አቀበት ላይ ጉልበት አነሰው» ብሎ ያነሳ እንደሆነ አግዳሚው በሙሉ መካኒክ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከይሱዙ ረዳትነት የተባረረ ሰውዬ አለ፤ በየከተማው አለ። ከመቀመጫው ሳይነሳ «ካንዴላው ነው» ይላል። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ አይደለም። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ከሩብ በላይ ይሳሳል፤ ካርቡራቶር ያለው ሞተር ደግሞ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ካንዴላው ጥቀርሻ ቢለብስ የዚህ ውጤት ነው። አየር ማጣሪያውን ማራገፍና አንድ ማርሽ መቀነስ ይበቃል። ያንኑ ቀን ሸዋ ሮቢት ለሚወርድ ካርቡራቶሩን ማስነካት ቂልነት ነው፤ እዚህ ለሳሳው አየር የተስተካከለው ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል።

መሸኛው ቀረ። ከጠጪዎቹ አንዱ አሳዝኖት «ለመንገድ» ብሎ በሃይላንድ ዳግም አረቄ ሻንጣው ላይ ያስርለታል። ማደያው ነዳጅ የለውም ተብሎ ከሱቅ ጀርባ የተገዛው ቤንዚንም በሃይላንድ ነው። ሁለቱም አንድ ሊትር፣ ሁለቱም ክዳናቸው በላስቲክ የታሰረ፣ ጎን ለጎን። ከመቅዳት በፊት ማሽተት ነው፤ ቤንዚኑም ቢሆን ውሃ እንዳልገባበት አምስት ደቂቃ አስቀምጦ ታቹን ማየት ይገባል። ጉም ውስጥ፣ በደነዘዘ ጣት፣ ጉንፋን በያዘው አፍንጫ ግን የሚከፈተው ሁሌም ያኛው ሃይላንድ ነው። የዳግም አረቄ ግማሹና ከዚያ በላይ ውሃ ነው፤ ከቤንዚኑ ሥር ይዘቅጥና ቀጥ ብሎ ካርቡራቶሩ ሳህን ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ያስላል፣ ይቆማል።

ታንከሩ ይገለበጣል፣ ከሳህኑ ሥር ያለችው ብሎን ተፈትታ ይፈሳል፣ በንጹህ ቤንዚን ይታጠባል። ቤንዚኑ ያለው ከተማ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በይሱዙ ተጭኖ ይመለሳል፤ ከጣሳዋ ደጅም ይወርዳል። አግዳሚው ብድግ ይላል፣ «ኖር!» ይባላል፣ ረዳት የነበረው ሰውዬም ከጥጉ ሳይነሳ፦

«ካንዴላው ነው ብዬ ነበር።»