ሰሌዳው ግን «4 ደቂቃ» ይላል

ዛሬ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ስደርስ ሰሌዳው «4 ደቂቃ» ይላል። እሰይ አልኩ። ስልኬን ነካ ነካ አድርጌ ቀና ስል 4 ደቂቃ። አንድ ሁለት መልእክት መልሼ ቀና ስል አሁንም 4 ደቂቃ። ከጎኔ የቆሙት እናት ትንሹን ልጃቸውን «መጣልህ፣ መጣልህ» እያሉ ሲያባብሉ ቆይተው በመጨረሻ እሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ ሰሌዳው ራሱ አፈረ መሰለኝ ወደ 9 ተቀየረ። ኧረ ጎበዝ! «ይቀረዋል» የተባለ ነገር እንዲህ የሚጨምርበት ሌላ ቦታ ታውቃላችሁ?

መጣ ደግሞ። ሲመጣ ጢም ብሎ ነው። በሩ ሲከፈት አንድ ሰው እንኳ አልወረደም። የአንዱ ቦርሳ ማንገቻ በሩ ላይ ተያዘ። በሩ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። ውስጥ ያሉት እኛ ላይ አፈጠጡ፣ እኛም እነሱ ላይ። ጥሎን ሄደ። 2 ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ ባቡር ከች! ይሄኛው ባዶ፣ ኳስ ያጫውታል።

ድሮ ይሄ ነገር ተንኮል ይመስለኝ ነበር። ለካ ሒሳብ ነው። የፊተኛው ትንሽ ሲዘገይ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል። ሰው ሲበዛ መሳፈሩ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ይብሱን ይዘገያል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጣቢያ ደግሞ የባሰ ሞልቶ ይጠብቀዋል። የኋለኛው ግን የሚያገኘው የተጠረገ ጣቢያ ነው። ማን ያቆመዋል? እየበረረ መጥቶ የፊተኛውን ጅራት ይይዛል። አውቶቡስም እንደዚያው ነው። 40 ደቂቃ ጠፍተው ሦስቱ ተከታትለው የሚመጡት ተማክረው አይደለም። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ሰው የኋለኛውን አንድ ጣቢያ ላይ ትንሽ ያዝ ያደርገውና ክፍተቱ ይስተካከላል። ለዚህ አዲስ ባቡር መግዛት አያስፈልግም። መስመሩን ነቅቶ የሚያይ ሰው ብቻ።

የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ቆሜ ስልኬ ላይ የሚመጣልኝ ምን መሰላችሁ? የወደፊቱ ትራንስፖርት! ኢሎን መስክ በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የሃይፐርሉፕን ሐሳብ ይዞ ሲመጣ፣ አየሩ በተመጠጠ ቱቦ ውስጥ በሰዓት ከ1,000 ኪ.ሜ በላይ እንከንፋለን ተባለ። በ2020 ኔቫዳ በረሃ ላይ 500 ሜትር ቱቦ ውስጥ ሁለት ሰው ተሳፍሮ ተሞከረ። የደረሱበት ፍጥነት በሰዓት 172 ኪ.ሜ። ሙከራውን ያደረገው ኩባንያ በ2023 መጨረሻ ተዘጋ። የጃፓኑ ፈጣን ባቡር ሺንካንሰን እኮ በ1964 ከቶኪዮ ኦሳካ ሥራ ሲጀምር በሰዓት 210 ኪ.ሜ ይሮጥ ነበር። ያውም ሕዝብ ጭኖ! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

እሺ፣ የእውነት የተሠራውን እንይ። የሻንጋዩ የማግኔት ባቡር 30 ኪ.ሜ ያህሉን መንገድ በ8 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ያስቀናል። ግን ከአየር ማረፊያው ተነስቶ የሚያወርዳችሁ መሃል ከተማ አይደለም። ሎንግያንግ ሮድ የሚባል ጣቢያ ላይ ነው። ከዚያ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ወደ ተራው የምድር ውስጥ ባቡር። እሱን ደግሞ እንደ ሰው ቆሞ መጠበቅ ነው።

አዲስ ነገር ጠልቼ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ነው ያናደደኝ። የእኔ ጉዞ ባቡሩ ውስጥ 15 ደቂቃ ነው። ባቡሩን የፈለጋችሁትን ያህል አፍጥኑት፣ በየጣቢያው መቆሙ ስለማይቀር ቢተርፈኝ 2 ደቂቃ ነው። በየ20 ደቂቃው የሚመጣውን በየ5 ደቂቃው አድርጉት፤ ዝም ብሎ ለሚመጣ ሰው አማካይ ጥበቃው ከ10 ደቂቃ ወደ 2 ተኩል ወረደ። የጊዜ ሰሌዳ ማየት ቀረ፣ መሮጥ ቀረ፣ አንዱ ቢያመልጥ መሳደብ ቀረ። የፓሪሱ 14ኛ መስመር ከ1998 ጀምሮ ያለ ሾፌር እየሠራ በጥድፊያ ሰዓት በ85 ሰከንድ ልዩነት ባቡር ያመጣል። ይሄን ያደረገው የባቡሩ መልክ አይደለም፣ ባቡሮቹን «ሂዱ፣ ቁሙ» የሚላቸው ሲግናል ነው። በድሮው አሠራር ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይከፈልና አንዱ ክፍል ውስጥ ባቡር ካለ ሌላው አይገባም። በአዲሱ ባቡሮቹ ያሉበትን ቦታ በየቅጽበቱ ስለሚያሳውቁ ተቀራርበው መሄድ ይችላሉ። ግን ለሲግናል ሪባን የሚቆርጥ ሹም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፎቶ ላይ አያምርማ!

ከባቡር ወደ አውቶቡስ ያለውን ቅያሬ ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ባቡሬ ሲደርስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ እወጣለሁ (ሊፍቱ ላይ «በጥገና ላይ» የሚለው ወረቀት ቢጫ ሆኗል)። ልክ ስወጣ አውቶቡሱ ይንቀሳቀሳል። ሾፌሩ በስፖኪዮ ያየኛል። አየኝ፣ አየሁት፣ ሄደ። ቀጣዩ ከ25 ደቂቃ በኋላ።

ስዊሶች በ1982 መላ አገሪቱን በቋሚ የጊዜ ሰሌዳ አሰሩት። ዋና ዋና ጣቢያዎች ላይ ባቡሮቹ ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ከየአቅጣጫው ይገባሉ። ሰው ይለዋወጣል፣ ሰዓቱ እንዳለፈ ተያይዘው ይወጣሉ። ከአንዱ ጣቢያ ሰዓቱ እንዳለፈ የወጣው ሌላው ጋ ቀጣዩ ሰዓት ሊሞላ ሲል እንዲደርስ፣ ከዙሪክ እስከ በርን ከተማ ያለው ጉዞ ከ60 ደቂቃ ማነስ ነበረበት። በ2004 አዲስ መስመር ከፍተው አሳነሱት። ክብረ ወሰን አላሳደዱም። የተቻለውን ያህል ሳይሆን የሚያስፈልገውን ያህል ፈጣን ነው ያሉት። ቅናት ይዞኛል፣ አልደብቅም።

አሁን ይሄን የምጽፈው ያ ባዶ ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሁለት ጣቢያ መሃል ቆሟል። ምክንያቱን የፊተኛው ጢም ያለው ባቡር ያውቃል። ድምፅ ማጉያው አሁን አንድ ነገር ተናገረ። የገባው ሰው ካለ ይንገረኝ።