ተሰነባብተን ሳንሰማማ ተለያየን

ትናንት ማታ የልጅነት ጓደኛዬን ሸኘሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን «ምን?» «ምን አልክ?» ስንባባል አመሸን። ዛሬ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ በረረ፣ ከዚያ ደግሞ ካናዳ። መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም።

የፈለግኩት ትንሽ ነገር ነበር። ጣና ዳር ቁጭ ብለን፣ ቆሮሶ ጥብስ በልተን፣ ውሃው ላይ እያፈጠጥን ማውራት። ገና እጃችንን ታጥበን ሳንጨርስ ስፒከሩ ተለቀቀ። ደረት ውስጥ ገብቶ የሚደልቅ ዓይነት። አስተናጋጁን «ወንድሜ በናትህ ትንሽ አስቀንስልን፣ ሰው እየሸኘሁ ነው» አልኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሄዶ አስቀነሰ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ጮኸ። ተነስተን ሌላ ቦታ ሄድን፤ እዚያም ያው። በመሃል የተሳፈርንበት ባጃጅ እንኳ ከኋላችን ስፒከር ገጥሟል!

ሙዚቃ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። እኔና እሱ ያደግነው በሙዚቃ ነው። ሽምብጥ ሰፈር ቡሄ ሲመጣ ሆያ ሆዬ አውራጁ እሱ ነበር፣ እኔ ዱላ እየመታሁ እቀበላለሁ። ግጥሙን ራሱ ነው የሚፈጥረው። ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ግጥም ነበረው፣ ሙልሙል አብዝተው ለሚሰጡት እትዬ ሌላ፣ ውሻ ለሚለቁብን ሰውዬ ሌላ። አንድ ዓመት ይሄን ነገር በካሴት እናስቀረው አልን። ባዶ ካሴት ከየት ይምጣ? የአባቴን የጥላሁን ገሠሠ ካሴት አነሳን፣ ጫፉ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ወተፍን፣ ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አሙቀን በላዩ ቀዳንበት። አባዬ ጥላሁንን ሊሰማ ከፍቶ የኛን ጩኸት ሲሰማ የሆነውን አልነግራችሁም። ካሴቱን ግን አልጣለውም። እስኪያረጅ ሰማነው። ክሩ ሲላላ በቢክ እስክሪብቶ አጠነጠንነው፣ ሲበጠስ በጥፍር ቀለም ቀጠልነው። በመጨረሻ ቴፑ በላው፣ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ያ ግጥም ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። እኔ የማስታውሰው «ሆ!» የምልበትን ቦታ ነው። ትናንት ከሁሉም በላይ የፈለግኩት ይሄንን ነበር፤ አንዴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲለው።

ደግሞ እኮ ሕግ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል። ለንግድ አካባቢ የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 65 ዴሲቤል፣ ማታ 55 ነው። ሰው ተረጋግቶ ሲያወራ ድምፁ 60 ገደማ ይሆናል። ማታ ላይ ሕጉ የሚፈቅደው ከሰው ወሬ ያነሰ ድምፅ ነው ማለት ነው! እኛ ጆሮ ለጆሮ ተጠግተን እየጮህን አንሰማማም። ደንበኛ ይስባል ይላሉ። የትኛውን ደንበኛ? ከጎናችን አንድ ቤተሰብ ነበር፣ ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ነው የበላችው። ሰው ወደ ሐይቁ የሚመጣው ሐይቁን ብሎ ነው። ውሃው ድንጋዩን ሲመታ፣ ደንገሉ ነፋስ ሲያገኘው ደስ የሚል ድምፅ አለው። ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ ያንን ድምፅ ለመስማት አሁን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት አለብኝ?

ልንለያይ ስንል ተስፋ ቆረጥኩና ስልኬን አፉ ሥር አስጠግቼ «በቃ በል፣ ልቅዳህ» አልኩት። አለው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ፣ ሁሉንም ቤት አዳረሰ። ከንፈሩን እያየሁ ቦታዬ ሲደርስ «ሆ!» አልኩ። ጨርሶ አቀፈኝ፣ ሁለታችንም አለቀስን።

ዛሬ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ከፈትኩት። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚሰማው የዚያ ቤት ስፒከር ነው። አልፎ አልፎ የኔ «ሆ!» አለ። የሱ አንድም ቃል የለም።