“ተመልካቹ ነቅቷል” ለሚሉን

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ የማስታወቂያ ባለሙያ የተናገሩት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ጠያቂዋ በየቀኑ ስለሚተዋወቁት ዕቃዎች አነሳችባቸው። ስለ ማሳጅ ማሽኑ፣ ስለ ቦርጭ ማጥፊያው ቀበቶ፣ ሁሉን ይፈጫል ስለሚባለው መፍጫ። ሰው አይታለልም ወይ አለቻቸው። እሳቸውም ተመልካቹ ዛሬ ነቅቷል አሉ። ማስታወቂያ አይቶ ዘሎ የሚገዛ የለም፣ የእኛ ሥራ መረጃ መስጠት ብቻ ነው፣ ያልፈለገ ሪሞቱ በእጁ ነው ብለው ጨረሱ።

ከሪሞቱ ልጀምር። እሁድ ከሰዓት በኋላ አንድ የመዝናኛ ፕሮግራም ክፈቱ። አቅራቢው ራሱ ዕቃውን በእጁ ይዞ ይቆማል። እንግዳውን እያጫወተ መሀል ላይ ስልክ ቁጥር ይናገራል። ከሥር ጽሑፍ ይሮጣል። ጥግ ላይ የስፖንሰሩ ምልክት ተለጥፏል። ድራማው ሲጀምር ስፖንሰር፣ ሲያልቅ ስፖንሰር። ማስታወቂያውን ለመዝለል የፈለገ ሰው ፕሮግራሙን ራሱን መዝለል አለበት። እንዲህ ሆኖ የተሠራው ደግሞ በስህተት አይደለም። እንዳይዘለል አድርጎ የሠራ ሰው ተነስቶ “ዝለሉት” ሲለን ያናድዳል።

ማስታወቂያ ገዢ አያመጣም የሚለውን ደግሞ ራሳቸውም አያምኑበትም። ነጋዴ ገንዘቡን ለከንቱ አይበትንም። አገሩም በሕግ የተናገረው ተቃራኒውን ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቢራን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ያወጣው፣ ያ ስክሪን ሰውን መጠጥ ያስለምዳል ተብሎ ስለተሰጋ ነው። ቢራ የሚያስጠጣ ስክሪን ማሽን ማስገዛት የሚያቅተው በምን ምክንያት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። “ነቅቷል” ወደሚለው።

አክስቴ ጡረተኛ ናት። ጉልበቷን ያማታል። ባለፈው ዓመት ዕቁቧ ሲደርሳት አንድ የጉልበት ማሳጅ ማሽን ገዛች። የሚሞቅ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። በቴሌቪዥን ሌት ተቀን የሚተዋወቀው እሱ ነው። “አክስቴ፣ ማስታወቂያ አይተሽ ነው?” አልኳት። ተቆጣች። “እኔ በማስታወቂያ የምታለል ሰው ነኝ? ጎረቤቴ ነግራኝ ነው እንጂ” አለችኝ። ጎረቤቷን ጠየቅኳት። እሷም በማስታወቂያ አላመነችም። “ሐኪም ሲናገር ሰምቼ ነው” አለች። የት ነው የሰማችው? በቴሌቪዥን። ማስታወቂያውን ፈልጌ አየሁት። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ቆሟል። አንገቱ ላይ የልብ ማዳመጫ አንጠልጥሏል። ሐኪም ነኝ አላለም። ጉልበት ይድናል አላለም። “እፎይ ይበሉ” ብቻ ነው ያለው። ቀጥሎ አንዲት እናት ደረጃ እየሮጡ ሲወጡ ይታያል።

እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ ሴቶች አንዷም በማስታወቂያ ገዛሁ አትልም። ባለሙያው ቢጠይቋቸው “ነቅተናል” ይሏቸዋል። ማሽኑ ግን ተሸጧል። ይህ የእነሱ ብቻ ድካም አይደለም። አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ፊሊፕስ ዴቪሰን እ.ኤ.አ. በ1983 ይህንኑ ጽፏል። ሰው መገናኛ ብዙኃን ሌላውን እንጂ እኔን አይለውጡኝም ብሎ ያስባል አለ። “የሦስተኛው ሰው ውጤት” ብሎ ሰየመው። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ እናንተም ናችሁ። “እኔን አይነካኝም” የሚል ሰው ደግሞ አይጠነቀቅም። ለማስታወቂያ ሠሪ ከዚህ የተመቸ ተመልካች ከየት ይመጣል?

ድግግሞሹም ራሱን የቻለ ጉልበት አለው። ሮበርት ዛዮንትስ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ለሰዎች ደጋግሞ አሳየ። ብዙ ጊዜ ያዩትን ቃል ጥሩ ነገር ማለት ይሆናል ብለው ገመቱ። ቃሉ ግን ምንም ማለት አልነበረም። እናንተም መርካቶ ገብታችሁ ሁለት ካርቶን ቢቀርብላችሁ፣ ስሙን ወደሰማችሁት ታደላላችሁ። የት እንደሰማችሁት ላታስታውሱ ትችላላችሁ። “ይሄ እንኳ የታወቀ ነው” ትላላችሁ። ያሳወቀው ማነው?

ከሁሉ በላይ ያስቆጣኝ ግን “መረጃ” የሚለው ቃል ነው። መረጃ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ስንት ዋት እንደሚበላ ይነገረን ነበር። ዋስትናው የስንት ጊዜ ነው? ሲበላሽ መለዋወጫው የት ይገኛል? የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቢጠቀምበትስ? አንዱም የለም። ያለው ጋውን ነው፣ ደረጃ ነው፣ የሚስቅ ቤተሰብ ነው። ማስታወቂያው በቃላት ምንም ቃል ስላልገባ ከተጠያቂነት ያመልጣል። በምስል ግን ሁሉን ቃል ገብቷል።

ይህ ብልሃት አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ቴሌብራንድስ የተባለ ኩባንያ አብ ፎርስ የሚል የኤሌክትሪክ ቀበቶ በቴሌቪዥን ያስተዋውቅ ነበር። ሆድ ላይ ታጥቆ ጡንቻን የሚያንቀጠቅጥ ነው። ማስታወቂያው ክብደት ይቀንሳል አላለም። ቦርጭ ያጠፋል አላለም። ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆነ ወጣቶች ታጥቀውት ይታያሉ። ሌሎች በቴሌቪዥን የሚታዩ ቀበቶዎች እንዳሉም ያስታውሳል፤ እነዚያ ደግሞ ቦርጭ እናጠፋለን የሚሉት ናቸው። ይኸው ነው። ከ700 ሺህ በላይ ቀበቶ ተሸጠ። ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገባ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኩባንያውን ሲከስስ፣ ኩባንያው እንዲህ ያለ ቃል አልገባንም ብሎ ተከራከረ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ክርክሩን አልተቀበለም። ተመልካቹ ከምስሉ የሚረዳው ነገር እንደተነገረ ይቆጠራል አለ። በቀጣዩ ዓመት የይግባኝ ፍርድ ቤቱም አጸናው።

ይህን ደጋግማችሁ አስቡት። ቦርጭ ያጠፋል የሚል አንድ ቃል ያልተነገረለት ቀበቶ ከ700 ሺህ ጊዜ በላይ ተሸጧል። አሜሪካዊው ተመልካች አልነቃም ነበር? ቴሌቪዥን ሲያይ ያደገ፣ ማስታወቂያ የጠገበ ሕዝብ ነው። እሱን የያዘ ምስል ጉልበቷን የሚያማትን የእኔን አክስት ይለቃታል ብሎ መናገር ድፍረት ነው።

አንድ ነገር አልክድም። ሰው የሞባይል ስልክ ሲገዛ ማስታወቂያ እንዲህ አይሰለጥንበትም። ቴክኖ እዚህ አገር የተወደደው ሁለት ሲም ስለሚይዝ፣ ባትሪው ስለሚበረክት፣ በአማርኛ ስለሚያጽፍ ነው። ሰው ጓደኛው እጅ ላይ ያየዋል፣ ነካክቶ ይሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የ288 ብራንዶች ጥናትም የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሽያጭን የሚጨምረው እጅግ በጥቂቱ እንደሆነ አሳይቷል። ባለሙያው ይህን ቢጠቅሱ አይገርመኝም። ነገር ግን ያ ጥናት ሰው ከሱፐርማርኬት ደጋግሞ ስለሚገዛቸው ዕቃዎች ነው። ሳሙናው ካልጣመህ በሳምንቱ ትቀይረዋለህ። የጉልበት ማሽን አንዴ ነው የምትገዛው። ከመግዛትህ በፊት ጉልበትህን ያሽል አያሽል የምታውቅበት መንገድ የለም። ገዝተህ ካልሠራ ደግሞ “ምናልባት እኔ ነኝ አጠቃቀሙን ያላወቅኩት” ትላለህ። አክስቴ ያለችው እንደዚያ ነው። ስምንት ወር ሙሉ እንደዚያ አለች። በእነዚያ ስምንት ወራት ሐኪም ቤት አልሄደችም። የምትታከም መስሏት ነበር።

ሕጉ አለን። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የጎደለው ምስልን እንደ ቃል የሚቆጥር ዓይን ነው። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የተነገረውን ብቻ እየሰማ የሚታየውን ካለፈው፣ ነጋዴው ዝም ብሎ ያሳያል፤ ዝም ብሎም ይሸጣል።

ጣቢያዎችም “አስተዋዋቂው ነው የሚጠየቀው” ማለታቸውን ይተዉ። ገንዘቡን ስትቀበሉ ቪዲዮውን አይታችሁታል። ጋውን የለበሰ ሰው ካለበት የሙያ ፈቃዱን ጠይቁ። ሐኪም ካልሆነ ጋውኑን ያውልቅና በራሱ ልብስ ይናገር። ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል። የአክስቴ ጎረቤት ያመነችው ያንን ጋውን ነው።